ቢጫው በርሜል

ሰው የሠራሁትን ሲነቅፍብኝ መጀመሪያ የሚግለው ጆሮዬ ነው። ቀጥሎ አንገቴ፣ ከዚያ ምላሴ። ምላሴ አንዴ ከጋለ የሚወጣውን ነገር እኔም እንደ ማንም ሰው ቆሜ ነው የምሰማው። እናቴ ገና ልጅ ሳለሁ «አንቺ ልጅ፣ ባል እንኳ ብታገኚ በአፍሽ ታባርሪዋለሽ» ትለኝ ነበር። ባሉስ አልሸሸም፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ደንበኛ ግን አባርሬ አውቃለሁ። አንድ ቀን ደግሞ በአንድ ትንፋሽ የከተማውን ግማሽ አባረርኩ።

የማወራው ስለዚያ ቀንና እሱ ስላስከተለው ነገር ነው። ብዙ ዓመት አልፎታል። የነገሩን ጫፍ ያወቅሁት ግን ገና ባለፈው ዓመት ስለሆነ፣ አሁንም ሳስበው ክው እላለሁ።

ሳሙና መሥራት የጀመርኩት ሚሊኒየሙ በተከበረ ማግሥት ነው። እኔ የአሪ ልጅ ነኝ፤ ከገዘር ወረድ ብሎ ካለ ቀበሌ። አግብቼ ጂንካ ከገባሁ በኋላ ለሰፈራችን ሴቶች የአምስት ቀን ሥልጠና ተሰጠን፣ አንዱ ሳሙና መሥራት ነበር። ሥልጠናው ሲያልቅ ሥራውን የቀጠልኩት እኔ ብቻ ነኝ። ሌሎቹ ኮስቲክ ሶዳውን ፈሩ፤ እውነታቸውን ነው፣ ያቃጥላል። አሠልጣኟ ከነገረችን ሁሉ በልቤ የቀረው አንድ ነገር ነው፦ «ስብ ስብ ነው፣ ያገኛችሁትን ተጠቀሙ።» እኔም ያገኘሁትን ተጠቀምኩ።

ያገኘሁት የከብት ሞራ ነበር። ያን ጊዜ ሞራ የሚሰጡኝ ሁለት ሥጋ ቤቶች ነበሩ። አንዱ ከገበያው በር አጠገብ ያለ የክርስቲያን ሥጋ ቤት፣ ሌላው ከአውሮፕላን ሜዳው ወዲህ ያለ የሙስሊም። የክርስቲያኑ ባለቤት ኦርቶዶክስ ስለነበር ሁዳዴ ሲገባ ይዘጋል፤ ያን ጊዜ ወደ ሙስሊሙ እሄዳለሁ። በረመዳን ደግሞ የሙስሊሙ ሞራ ለሾርባ ስለሚፈለግ አይተርፍም፤ ወደ ክርስቲያኑ እመለሳለሁ። በሌላው ጊዜ ከሁለቱም እያመጣሁ በአንድ በርሜል አቀልጠዋለሁ።

በርሜሉን በደንብ ላሳያችሁ፣ የነገሩ ሁሉ ሥር እሱ ነውና። መጀመሪያ በአሉሚኒየም ድስት ብሞክር ሶዳው ድስቱን በልቶ፣ አረፋ እያስተፋ፣ ለጥቂት ፊቴን ሳያበላሸው ቀረ። ከዚያ በኋላ ነው ቢጫ ቀለም የተቀባ የብረት በርሜል አግኝቼ ብየዳ ቤት ለሁለት ያስቆረጥኩት። ታችኛው ግማሽ ማብሰያዬ ሆነ። እንደዚያ ያለ ወፍራም በርሜል ጂንካ ውስጥ እንደ ልብ አይገኝም፤ ቢገኝም ለውኃ ማጠራቀሚያ ይሻሙበታል። እኔ በርሜሌን እንደ ወለድኩት ልጅ ነበር የምሳሳለት።

መጀመሪያ ሰሞን ሳሙናዬን ይዤ አልዱባ ገበያ እወርድ ነበር። አንድ ቀን አንዲት የበና ሴት ከፊቴ ቁጢጥ ብላ አንዱን አነሳች፣ አሸተተች፣ ከዚያ በምላሷ ላስ አደረገችው። ደንግጬ «ኧረ አይበላም!» ስላት እሷ ከእኔ ብሳ ደነገጠች።

«ይኼ ስብ ነው» አለች። «አንተ ይኼን ሁሉ ስብ ለምን አበላሸ?»

አማርኛዋ ያን ጊዜ ከእኔው ብዙም አይለይም ነበር፤ ሁለታችንም የተማርነው ገበያ ላይ ነው። ዙሪያዋ የነበሩት ሁሉ ሳቁ። ጆሮዬ ጋለ። «ስብነቱ ቀርቷል፣ አሁን ሳሙና ነው!» ብዬ ጮህኩባት። እሷ ግን አንገቷን እየነቀነቀች ሳሙናውን ቀስ አድርጋ ቦታው መለሰችው። ከብት እያረባ ለኖረ ሰው ስብ ምንጊዜም ምግብ ነው። እኔ ያን ቀን ተናድጄ ዋልኩ እንጂ ምን እንዳለችኝ አልገባኝም።

ጂንካ ውስጥ ሳሙናዬን መጀመሪያ የተቀበሉኝ ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ሱቅ ያላቸው አንዲት ሙስሊም ሴት ናቸው። በልጅነታቸው ከባላቸው ጋር ከመሐል አገር መጥተው እዚሁ የቀሩ፣ ባላቸው ካረፉ በኋላ ሱቁን ብቻቸውን የያዙ፣ ቀጭንና ፊታቸው ቶሎ የማይፈታ ሴት። እኔ እማማ እላቸዋለሁ። ሳሙና ባመጣሁ ቁጥር አንዱን አንስተው በጥፍራቸው ይፍቁታል፣ ያሸቱታል፣ ከዚያ አንድ እንከን ያወጡለታል። «ለስላሳ ሆነ።» «ለእጅ ትልቅ ነው።» «ሽታው ደክሟል።» አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ፦ «ዛሬ ቸኩለሻል።»

ለሁሉም መልስ ነበረኝ። ውኃው ነው፣ ዝናቡ ነው፣ ሶዳው ቆይቶብኝ ነው። አንድም ቀን «አዎ» ብዬ አላውቅም። እሳቸውም አንድም ቀን አመስግነውኝ አያውቁም። ግን ሳሙናዬን ከፋብሪካዎቹ እኩል፣ ሰው ዓይን በሚገባበት መደርደሪያ ላይ ነበር የሚደረድሩልኝ። ከምን እንደምሠራው ጠይቀውኝ አያውቁም፤ እንደ ሌላው ሳሙና ከዘይት ይመስላቸው ነበር። እኔም መንገር ያለብኝ ነገር መሆኑ አልታየኝም።

በሦስተኛው ዓመት አንድ ጠዋት ሱቃቸው ቆሜ ሳለሁ አንድ አስተማሪ ገባ። አንገቱ ላይ ማዕተብ ያለው፣ ቁም ነገረኛ የሚባል ሰው ነው። ሠሪዋ እኔ መሆኔን አያውቅም። ሳሙናዬን አንስቶ አገላበጠና «ይኼ እኮ ዝም ብሎ ፓልም ነው» አለ። «ሣር ቢጤ ጨምረውበት ‹በእጅ የተሠራ› እያሉ ይሸጡልናል።»

ጆሮዬ፣ አንገቴ፣ ምላሴ።

«ፓልም? ፓልም ነው ያሉት መምህር? ይኼ ንጹሕ የከብት ሞራ ነው! በገዛ እጄ ተሸክሜ ያመጣሁት! ካላመኑ ሄደው የገበያው በር ሥጋ ቤትን ይጠይቁ!»

እማማ ለሌላ ሰው ስኳር እየመዘኑ ነበር፤ የሚዝቁበት ጣሳ እጃቸው ላይ ቀረ።

«የትኛው ሥጋ ቤት?» አሉ።

አንድ ነገር እንዳበላሸሁ ገባኝ፤ ምን እንደሆነ ግን አልገባኝም። ለማስተካከል ቸኮልኩ። «ኧረ እማማ፣ ከእሱ ብቻ አይደለም! ከእናንተም ሥጋ ቤት አመጣለሁ። አንድ ላይ ነው የማቀልጠው።»

አሁን ደግሞ አስተማሪው ሳሙናውን ባንኮኒው ላይ ለቀቀው። «አንድ ላይ?» አለ። ሁለት መዳፎቹን ዘርግቶ አያቸው። ከዚያ እማማን አየ፣ እማማም እሱን አዩት፣ ከዚያ ሁለቱም እኔን። በሕይወቴ ሁለት ሰዎች እንደዚያ ሲስማሙ አይቼ አላውቅም።

«ሳሙና እኮ ነው!» አልኩ። «ማን ይበላዋል?»

እማማ ቀኝ እጃቸውን አንስተው አሳዩኝ። ድምፃቸው አልጮኸም። «በዚህ እጅ እኮ ነው የምበላው ልጄ» አሉ። «ታጥቤ በዚሁ እጅ ነው የልጅ ልጆቼን የማጎርሰው። ሱብሐነላህ! ሦስት ዓመት ሙሉ?»

ያኔ ገባኝ። የአገሩ ሰው ነኝ። ሠርግ ላይ ለሙስሊም እንግዶች የተለየ በሬ እንደሚታረድ፣ የተለየ ድስት እንደሚጣድ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። እኔ ራሴ ለቤቴ ሥጋ ስገዛ፣ ማንም ሳይነግረኝ፣ እግሬ የሚወስደኝ ወደ ክርስቲያኑ ነው። ሞራው በርሜሉ ውስጥ ከገባ በኋላ ግን ሥጋነቱ ያለቀ መስሎኝ ነበር። ስብ ስብ ነው ተብያለሁ። ያቺ የአልዱባ ሴት አንዴ ልሳ ያወቀችውን ነገር እኔ ሦስት ዓመት ሠርቼ አላወቅሁትም።

ይቅርታ ማለት የነበረብኝ እዚያ ጋ ነው። ምላሴ ግን ግሏል። «እንግዲያው ካልፈለጋችሁ አትግዙ! ማን ለመናችሁ?» ብዬ ወጣሁ። በመናኸሪያው ሰው ሁሉ ፊት እያለቀስኩ ቤቴ ደረስኩ።

በማግሥቱ ወሬው ከተማውን አዳርሶ ነበር። የኦርቶዶክስ ሴቶች «የእስላም ሥጋ አስነካችን» አሉ፣ የሙስሊም ሴቶች «የክርስቲያን ሥጋ አስነካችን» አሉ። የእኔው የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ሴቶች እንኳ፣ እንደዚህ ላለው ነገር ብዙም የማይጨነቁት፣ ሰላምታ ሲሰጡኝ እጃቸውን ቶሎ ይሰበስቡ ጀመር። ያልተሸጠልኝ ሳሙና እንጂ የበደልኩት ሰው ያለ አይመስለኝም ነበርና፣ ሰው ሁሉ እንደ ክፉ ሲያየኝ ደንዝዤ ቀረሁ።

እማማ ያን ቀን ከሰዓት ራሳቸው ደጄ መጡ። ሱቃቸውን ዘግተው ወደ ሰው ቤት ሲሄዱ አይቼ አላውቅም። የተረፈውን ሳሙና በካርቶን አሸክመው አምጥተው ደጃፌ ላይ አስቀመጡት። መደርደሪያቸውን በአሸዋ ፈግፍገው እንዳጠቡት ነገሩኝ። ስድብ ጠብቄ መልሴን አዘጋጅቼ ነበር፤ አልሰደቡኝም።

«ክፋት እንደሌለብሽ አውቃለሁ» አሉ። «ባታውቂ ነው። አሁን ግን አውቀሻል። መሥራት ከፈለግሽ ከዘይት ሥሪ። ያንንም በርሜል ጣዪው።»

«በርሜሉ ምን አደረገ? አጥበዋለሁ።»

«ጣዪው» አሉ ደግመው። «ይኼ በመታጠብ የሚለቅ ነገር አይደለም። ከጣልሽው ለሴቶቹ እኔው እነግርልሻለሁ። ቃሌን ያምኑኛል።»

እውነታቸውን ነው፣ ያምኗቸዋል። መናኸሪያው አካባቢ የእማማ ቃል እንደ ማኅተም ነው። እሳቸው ከመሰከሩልኝ ሥራዬ ይድናል፤ ካልመሰከሩልኝ አልቆልኛል። ይኼን እያወቅሁ ነው እንግዲህ የሆነው የሆነው።

ዘይቱን እሺ ብዬ ተቀበልኩ። ከፓልምና ከጉሎ ዘይት፣ ትንሽ የሽፈራው ፍሬ ዘይት ጨምሬ፣ ለሽታ ጠጅ ሣር አፍልቼበት። በርሜሉን ግን አጣሁ። ወፍጮ ቤት ጠየቅሁ፣ ጋራዥ ጠየቅሁ፣ ብየዳ ቤት ተመላለስኩ። የለም። አንድ ሳምንት ጠበቅሁ፣ ሁለት ጠበቅሁ። በመጨረሻ ቢጫውን በርሜል በአመድ ፈገፈግሁት፣ በአሸዋ ፈገፈግሁት፣ ሶዳ አፍልቼበት ደፋሁ፣ ፀሐይ ላይ አሰጣሁት። «ከዚህ በላይ ንጹሕ ነገር የትም የለም» አልኩ ለራሴ። እና ጣድኩት።

ሳሙናው እስኪደርቅ አንድ ወር ጠብቄ፣ በነጭ ወረቀት ጠቅልዬ ለእማማ ወሰድኩ። ሱቁ ውስጥ ሦስት የሙስሊም ሴቶች ቆመው ያወራሉ። እማማ አንዱን አነሱ፣ ፋቁት፣ አሸተቱት። ከዚያ ዓይን ዓይኔን አዩኝና፦

«በርሜሉስ?»

«ጣልኩት» አልኩ።

አንዲት ቃል ናት። ጆሮዬ አልጋለም፣ ምላሴም አልጋለም። ውሸት እንዲህ ቀዝቃዛ ነገር መሆኑን ያን ቀን ነው ያወቅሁት።

እማማ ወደ ሴቶቹ ዞሩ። «ወላሂ፣ ከዘይት ነው የሠራችው» አሏቸው። «በርሜሉንም ጥላለች። እኔ ምስክር ነኝ።»

ወላሂ አሉ! እማማ ለስኳር፣ ለዱቄት፣ ለገበያ ጣጣ የማይምሉ ሴት ናቸው፤ ለእኔ ማሉ። እኔ የዋሸሁት ለአንዲት ባለሱቅ መስሎኝ ነበር። ዓይኔ እያየ ውሸቴን ወስደው አምላካቸው ፊት አቆሙት። አፌን ከፈትኩ። «እማማ፣ ቆይ» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። አልወጣም። ሴቶቹ ሸክም በዝቶባቸው ስለነበር «ነገ እንወስዳለን» ብለው ወጡ፣ እኔም ተከትዬ ወጣሁ።

በሦስተኛው ቀን ስመለስ መደርደሪያው ባዶ ነው። «አለቀ» አሉኝ እማማ። «ሁሉም?» «ሁሉም።» ሒሳቤን ሰጡኝ። ሁለተኛውን ካርቶን ወሰድኩ፣ እሱም በአንድ ቀን አለቀ። ሦስተኛውም አለቀ። ፍርሃቴ ሁሉ በደስታ ተዋጠ። ያን ሰሞን ደቡብ ኦሞ ውስጥ ከእኔ የበለጠ ሳሙና ሠሪ አልነበረም፣ በራሴ ግምት። እማማም እንከን ማውጣት ትተው ነበር። አይፍቁም፣ አያሸቱም፣ ዝም ብለው ይቀበሉኛል። በመጨረሻ ኮሩብኝ ብዬ ነበር የተረጎምኩት።

ከዚያ በኋላ ነው መንገድ ከሚሠሩ ሰዎች አንድ ደህና በርሜል ያገኘሁት። ለእማማ ጥያለሁ ያልኩትን በርሜል አሁን ልተካው ነውና፣ አዲሱን በሸራ ሸፍኜ፣ ባጃጅ ላይ አስጭኜ፣ በመናኸሪያው በኩል አንገቴን ደፍቼ አሳለፍኩት። ሌላ መንገድ ቢኖር በሌላ በሄድኩ ነበር። ቢጫውን በርሜል ጓሮ ወስጄ ደፋሁት። ልጥለው አልቻልኩም፣ ልሠራበትም አልቻልኩም።

የሚገርመው፣ በአዲሱ በርሜል የተሠራው ሳሙና በአንድ ቀን አላለቀም። በሳምንትም አላለቀም። ጭራሽ እማማ ጥፍራቸውን መልሰው አወጡ። «ለእጅ ትልቅ ነው አላልኩሽም?» «ዛሬም ቸኩለሻል።» ያ ሁሉ ገዢ የት ገባ ብዬ ተደናገጥኩ። ተናደድኩም። ግን ሳሙናውን አፍስሼ የማረጋበትን ሣጥን አሳነስኩት፣ ሳሙናው ለእጅ የሚመች ሆነ፣ ቀስ በቀስም ሰው ተመለሰ። አስተማሪው ሳይቀር ተመለሰ። አሁንም ቢሆን ከምን እንደተሠራ የተጻፈበትን ወረቀት ገልብጦ ሳያነብ አይገዛም።

ዓመታት ሄዱ። አስፋልቱ ገባ፣ ቱሪስቱ በዛ። አንዴ ኦሞ ወንዝ ዳር ካለው ከኮልቾ መንደር የሚመለሱ ፈረንጆች ደጄ ቆመው አንዲቱ በአስጎብኚው በኩል «ከእንስሳ የሆነ ነገር አለበት?» ብላ አስጠየቀችኝ። «ምንም የለበትም! በርሜሉም አዲስ ነው!» ብዬ ጮህኩ። አስጎብኚው ስለ በርሜሉ ማን ጠየቀሽ በሚል ዓይን አየኝ። እንዲያ ነበርኩ። ሰው ወላሂ ሲል በሰማሁ ቁጥር አንገቴን እደፋለሁ። ዒድ በመጣ ቁጥር ዛሬ እነግራቸዋለሁ ብዬ እማማ ቤት እሄዳለሁ፤ ሻይ ጠጥቼ፣ ስለ ልጆች አውርቼ እመለሳለሁ።

ባለፈው ዓመት እማማ ዓይናቸው ስለደከመ ሱቁን ለሴት ልጃቸው አስረከቡ። ልጅቷ ዕቃ ቤቱን ማጽዳት ጀመረች። አንድ ጠዋት ባጃጅ ደጄ ቆመ፣ እሷ ወረደችና ሦስት አሮጌ ካርቶኖች አወረደች። አቧራ ጠጥተዋል፣ ገመዳቸው ግን አልተፈታም።

«እናቴ ናት የላከችኝ» አለች። «‹የእሷ ናቸው፣ መልሽላት› አለችኝ። ለምን እንዳልሸጠቻቸው ብጠይቃት ‹እሷ ታውቃለች› አለች።»

አንዱን ከፈትኩ። ነጩ ወረቀት ቢጫ ሆኗል። ውስጡ ሳሙና ነው፣ የእኔ፣ ግን ትልልቅ። ሣጥኑን ሳላሳንሰው በፊት የተሠራ። ጠንክሮ ተሰነጣጥቋል። በጥፍሬ ፋቅ አድርጌ አሸተትኩት። የጠጅ ሣሩ ሽታ ከጠፋ ቆይቷል። ከሥሩ ግን፣ ስስ ብሎ፣ የማውቀው ሽታ አለ። ሞራ።

እዚያው አፈር ላይ ቁጭ አልኩ። በአንድ ቀን ያለቀው ሳሙና፣ እጄን ያደነቅሁበት ሳሙና፣ አንዱም አልተሸጠም። አንዱም! ልጅቷ ደንግጣ «ምነው? ምን ሆንሽ?» ትለኛለች።

ነጠላዬን እንኳ በቅጡ ሳልለብስ እማማ ቤት ሄድኩ። በራፉ አጠገብ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን ይዘዋል። ፊቴን ማየት ባይችሉም አረማመዴን ያውቁታል። ሰላምታዬን እስክጨርስ አልጠበቁኝም።

«በርሜሉስ?» አሉ።

ዕድሜዬን ሙሉ መልስ አጥቼ አላውቅም። በርሜል ጠፍቶ ነው፣ አጥቤው ነበር፣ ልጆች ነበሩኝ፤ ሁሉም አፌ ድረስ መጡ።

«አልጣልኩትም ነበር እማማ» አልኩ። «ዋሸሁዎት።»

ከመቁጠሪያው ላይ ሁለት ሦስት ፍሬ በጣታቸው አለፈ።

«በማግሥቱ አጥርሽ ድረስ መጥቼ ነበር» አሉ። «ለሴቶቹ ‹ሄዳችሁ በዓይናችሁ እዩ› ልላቸው አስቤ፣ መጀመሪያ እኔ ልይ ብዬ። ቢጫው በርሜል እሳት ላይ ተጥዷል። አንቺ ጀርባሽን ሰጥተሽ ታማስያለሽ። መዝሙር ትዘምሪ ነበር።»

ምነው መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ አልኩ። መዝሙሩን ሳይቀር አስታወስኩት።

«ለምን አልተቆጡኝም?»

«ምን ብዬ ልቆጣ? ወላሂ ብያለሁ እኮ። ሴቶቹ ሊወስዱ ሲመጡ ‹ቆዩ፣ በሰው ቃል ነው የማልኩት› አልኳቸው። ለመሐላዬ ማካካሻ ሦስት ቀን ጾምኩ። ሳሙናውን ግን ልሸጠው አልችልም፤ ሰው በእጁ ይነካዋል። በራሴ ገንዘብ ገዛሁትና ዕቃ ቤት አስገባሁት።»

«ይመልሱልኝ ነበር እኮ!»

«ብመልስልሽ ትጮኺብኛለሽ» አሉ። «ውኃው ነው፣ ዝናቡ ነው ትይኛለሽ። ከዚያ ተናደሽ ሥራውን ትተዪዋለሽ። እኔ እንድትተዪው አልፈለግሁም። በርሜሉን በሸራ ሸፍነሽ ስታሳልፊ ከሱቄ አየሁሽ። አልሐምዱሊላህ አልኩ። ትንሹን እንከን በየሳምንቱ ነገርኩሽ፤ ትልቁን ራስሽ ትነግሪኛለሽ ብዬ ተቀመጥኩ። ቆየሽብኝ እንጂ።»

እንዳልኳችሁ ነው፤ እስካሁን ከዚያ ድንጋጤ አልወጣሁም። እኔ ያንን ውሸት ብቻዬን ተሸክሜ የኖርኩ መስሎኝ ነበር። ሳሙናውን በዕቃ ቤታቸው፣ ውሸቱን በጾማቸው ተሸክመውልኝ ኖረዋል። ጉልበታቸው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። ራሴን ዳበስ አደረጉኝና ብዙም ሳይቆዩ «በቃ፣ በቃ፣ ልብሴን አራስሽው» አሉኝ።

ዓይኔን ስጠርግ እጃቸውን ዘረጉ። «የዛሬውን ይዘሻል?»

ከቦርሳዬ አንድ አዲስ ሳሙና አውጥቼ መዳፋቸው ላይ አስቀመጥኩ። ሁልጊዜ አንድ አይጠፋኝም። በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት፣ በጥፍራቸው ፋቁት፣ አፍንጫቸው ድረስ አስጠግተው አሸተቱት።

«ቸኩለሻል» አሉ።

ዘይቱ ዘግይቶ ነው የደረሰልኝ። አሁን ሳሙና ለሚገዙኝ ሆቴሎች ቃል ገብቼ ነበር። ዝናቡም አላስደርቅ ብሎኛል። ከጊዜው አምስት ቀን አስቀድሜ ነበር የጠቀለልኩት።

«አዎ እማማ» አልኩ። «ቸኩያለሁ።»

እማማ ሳሙናውን መልሰው እጄ ላይ አስቀመጡት። «እንግዲያው ሂጂና አድርቂው» አሉኝ።